የሰው ስም፣ የራስ ዕዳ፦ ስለ ፍራንቻይዝ ጠይቁኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ ለ9 ዓመት የሳንድዊች ቤት በፍራንቻይዝ፣ ማለትም በአንድ ኩባንያ ስምና አሠራር እየከፈልኩ፣ ይዤ ሠርቻለሁ። አምና ሸጥኩት። የኩባንያውን ስም አልጠራም። በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሱቁ የኔ ነው የሚባለው ወይስ የኩባንያው?

መልስ፦ ዕዳው ያንተ፣ ስሙ የነሱ። የምትገዛው በስማቸውና በአሠራራቸው ለተወሰነ ዓመት የመጠቀም መብት ነው። ውሉ አልቆ ካላደሱልህ ምልክቱን ታወርዳለህ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የራሴን ምግብ ቤት ብከፍት አይሻልም?

መልስ፦ ሙያው ካለሽ ክፈቺ። እኔ ግን ታክሲ ነበር የምነዳው፤ ሳንድዊች በወጉ መጠቅለል እንኳ አላውቅም። ሁለት ሳምንት አሠለጠኑኝ። ሥጋው ስንት ቁራጭ፣ ፍሪጁ ስንት ዲግሪ፣ ሁሉም ተጽፎ ተሰጠኝ። በከፈትኩበት ቀን የገባው ደንበኛ ምን እንደሚያዝ ከኔ በላይ ያውቅ ነበር። ባንክም የታወቀ ስም ሲያይ ፊቱ ይፈታል።

በኋላ የሚያንገበግብሽም ያው ደንብ ነው። አንድ ዓመት በሁዳዴ ለሐበሻ ደንበኞቼ የምስር ሳንድዊች ጀመርኩ። ሁለት ቀን ሸጥኩ። በሦስተኛው ቀን ተቆጣጣሪው መጣና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ።

ጥያቄ፦ ሮያሊቲው (ለኩባንያው በየጊዜው የሚከፈለው ድርሻ) የሚቆረጠው ከትርፍ ነው አይደል?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሽያጭ ነው። የሳንድዊች ኩባንያውን ሰብዌይን ውሰድ፤ የተለመደው ውሉ 8 በመቶ ሮያሊቲ፣ 4.5 በመቶ ደግሞ ለማስታወቂያ ነው። በሳምንት 10,000 ዶላር ከሸጥክ፣ ኪራይና ደሞዝ ሳትከፍል 1,250ው ሄዷል። ብትከስርም ይቆረጣል። ኩባንያው ቅናሽ ማወጅ የሚወደው ለዚህ ይመስለኛል። ሽያጭ ሲጨምር ድርሻው ያድጋል፤ የዳቦውና የሥጋው ወጪ ግን ከአንተ ኪስ ነው።

ጥያቄ፦ የዶሮ ሳንድዊች ኩባንያው ቺክ ፊሌ ጋ በ10,000 ዶላር ይገባል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ግን ቦታውንም ዕቃውንም የሚያቀርቡት እነሱ ናቸው። ከሽያጩ 15 በመቶ፣ ከቀረው ትርፍ ደግሞ ግማሹን ይወስዳሉ። ሱቁን መሸጥ አትችልም። ለኔ ጥሩ ደሞዝ ያለው ቅጥር ነው የሚመስለኝ። እሑድ ዝግ መሆኑ ግን ቤተ ክርስቲያን ለሚሄድ ይመቻል!

ጥያቄ፦ ከመፈረሜ በፊት ምን ላንብብ?

መልስ፦ በአሜሪካ ፌዴራል ደንብ መሠረት፣ ከመፈረምህም ሆነ ከመክፈልህ ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ የመግለጫ ሰነድ ሊሰጡህ ግድ ነው። 23 ክፍል አለው። ጠበቃ ያንብብልህ፤ አራቱን ግን ራስህ አንብብ። 7ኛው መነሻ ወጪውን ይዘረዝራል። 19ኛው ሌሎች ሱቆች ስንት እንደሚያገኙ የሚገለጽበት ነው፤ መሙላት ግዴታ ስላልሆነ ባዶ ሊሆን ይችላል። 20ኛው ላይ ስንት ሱቅ እንደተዘጋና የባለ ሱቆቹ ስልክ አለ። አምና ለቀው የወጡትም እዚያው ናቸው። ለእነሱ ደውል። ገና ውስጥ ያለ ሰው ሱቁን ሊሸጥልህ ፈልጎ ያሳምርልህ ይሆናል።

12ኛው ስለ ክልል ነው፤ ኩባንያው ሌላ ሱቅ የማይከፍትብህ አካባቢ ይኖርህ እንደሆነ ይናገራል። እኔ ዘለልኩት። በሦስተኛው ዓመቴ ያው ኩባንያ አንድ ማይል በማይሞላ ርቀት ለሌላ ሰው ሱቅ ሰጠ። ሽያጬ ሩብ ያህል ወረደ። ጠበቃ ጋ ስሄድ ሰነዱን ገልጦ አሳየኝ፤ የተከለለ ክልል እንደሌለኝ በግልጽ ተጽፏል።

ጥያቄ፦ እቁብ ወጥቶልኛል፤ ቀሪውን በኤስቢኤ (የአሜሪካ መንግሥት የአነስተኛ ንግድ መሥሪያ ቤት ዋስ በሚሆንለት የባንክ) ብድር ልሙላው?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ። ግን በንግዱ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለው ሁሉ በግሉም ዋስ ይሆናል። ንግዱ ከወደቀ ባንኩ አንተን ነው የሚይዘው። የእቁቡንም ብር ሁሉ አታስገባ፤ የ6 ወር ኪራይ አስቀር።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባስ ያዋጣል?

መልስ፦ ፒዛ ሃት እ.ኤ.አ. በ2018 በአገር ውስጥ ድርጅት በኩል ገብቷል፤ ስለዚህ ይቻላል። ጣጣው በብር ሸጠህ ሮያሊቲውን በውጭ ምንዛሪ መክፈልህ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ሒሳቡን አንተው ሥራው።

ጥያቄ፦ ለምን ሸጥከው?

መልስ፦ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ዳቦ መጋገር ሰለቸኝ። የገዛኝ ልጅ ከወንድሙ ጋር በፈረቃ ይሠራል። አሁንም ምሳዬን እዚያ እበላለሁ፤ እየከፈልኩ።