የኩቲ ዊሊያምስ የሚያጉረመርም ትራምፔት

ጥያቄ፦ በዱክ ኤሊንግተን የጃዝ ኦርኬስትራ ኩቲ ዊሊያምስ ትራምፔቱን እንዲያ ያጉረመርም የነበረው እንዴት ነው? ዕድሜ ልኩን እዚያው ነበር?

መልስ፦ በ1929 እ.ኤ.አ. የገባው በትራምፔት ተጫዋቹ ባበር ማይሊ ቦታ ነው፤ የሚያጉረመርመው አነፋፍም የማይሊ መለያ ነበር። ትንሽ የድምፅ ማፈኛ በትራምፔቱ ሰፊ አፍ ውስጥ ይገባል። ከፊቱ፣ የተዘጋ ቧንቧ የሚከፈትበትን ዓይነት ጎማ ግራ እጅ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ተጫዋቹም እየነፋ ከጉሮሮው ያጉረመርማል። ጀማሪዎች ጎማውን ጥርቅም አድርገው ይዘጉታል፤ ያኔ ድምፁ ይታፈናል፣ ቃናውም ይዛባል። በጠርዙ ክፍተት ይተዉ። መሣሪያውን ቀኝ እጅ ብቻውን ስለሚሸከም ከንፈር ላይ መጫን ይመጣል፤ ከንፈርም ቶሎ ይዝላል። ኩቲ ግን ያለ ማፈኛም ድምፀ ግርማ ነበር፤ ይህ ሲዘነጋ ያሳዝናል። በ1940 ወደ ቤኒ ጉድማን ባንድ ሄደ፤ በ1941 የራሱን ባንድ መሠረተ፤ በ1962 ወደ ኤሊንግተን ተመለሰ።