4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር ነው ወይ ላልሽው

እህቴ፣ እኔና ይህ ቁጥር የቆየ ቂም አለን። «ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛው መጣች፤ ለ3፣ ለ7፣ ለ11 አካፍለን እምቢ አለን፤ ብቸኛ ነው ብለን እንለፈው?» ብለሻል። እንዳታልፉት። ብቸኛ አይደለም፤ ከ1 እና ከራሱ ሌላም ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ቁጥሮች አሉ።

11ኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ መምህራችን ይህንኑ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጻፈና «አካፋዩን ላገኘ ሻይ በእኔ» አለ። ካልኩሌተር ክልክል ነው። ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። መጨረሻው 7 ስለሆነ 2 እና 5 ወዲያው ወደቁ። አሃዞቹ ሲደመሩ 59 ናቸው፤ 3ም ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለው ዝም ብሎ ጉልበት ነው። 7፣ 11፣ 13፣ 17 እያልኩ ስንት ቀን ፈጅቼ 547 ደረስኩ። መቶ አንደኛው ብቸኛ ቁጥር መሆኑ ነው። ሰለቸኝ። «ብቸኛ ነው» ብዬ ጽፌ ሰጠሁ።

መልሱ 641 ነበር። 15 ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ቀርተውኝ! ስልካችሁ ላይ 641ን በ6,700,417 አባዙት፤ ልክ ይመጣል። ሻዩን ማን እንደጠጣው አልናገርም።

በኋላ ሳነብ ግን ተጽናናሁ። ለካ የሒሳብ ሊቁ ፌርማም ተሳስቷል። ቁጥሩ ሠላሳ ሁለት ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲደመርበት የሚገኘው ነው። የሁለቶቹን ብዛት 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያሉ እጥፍ እያደረጉ በዚሁ መንገድ ከሚሠሩት ውስጥ ከእሱ የሚቀድሙት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ሁሉም ብቸኛ ናቸው። ፈረንሳዊው ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይህን አይቶ ቀጣዮቹም እንደዚያው ናቸው ብሎ አመነ። እ.ኤ.አ. በ1732 ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር አፈረሰበት።

ኦይለር እንደኔ አልለፋም። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል፤ ይህን አረጋገጠ። እንግዲህ እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች በተራ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። አምስተኛው ላይ አለቀ! እኔ መቶ አንድ ሞክሬ ያላገኘሁት።

ለ11 ሞክሮ ማቆም ለምን እንደማይበቃም ንገሪያት። ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው ይህን ከሰጡ፣ ትንሹ ከዳግም ዘሩ፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ ይህን ቁጥር ከሚሰጠው፣ አይበልጥም። ዳግም ዘሩ 65,536 ገደማ ነው። እስከዚያ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 6,542 ናቸው። ያለ ዘዴ በእጅ የሚሆን ነገር አይደለም።

እኔ ግን የምወደው ሌላውን ነው። ቁጥሩ 65,536 በራሱ ተባዝቶ 1 ሲደመርበት ይገኛል። 1 ደግሞ የራሱ ካሬ ስለሆነ የሁለት ካሬዎች ድምር ነው ማለት ነው። አሁን 62,264ን በራሱ፣ 20,449ንም በራሱ አባዙና ደምሩ። ያው ቁጥር! ብቸኛ ቁጥር ደግሞ በሁለት የተለያዩ መንገዶች የሁለት ካሬዎች ድምር መሆን አይችልም። ስለዚህ 641ን ሳታውቁት እንኳ ብቸኛ አለመሆኑ ታወቀ። 20,449 ራሱም 143 በ143 ነው፤ ይህን ያስተዋልኩት ገና ትናንት ማታ፣ ጥያቄሽን ካየሁ በኋላ ነው።