ሐረጎ ላይ የምትግለው ቮልስ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት «ጋሼ፣ የአባቴ ቮልስ የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ትግላለች፤ ጉልበትም የላትም። ካርቡራተር ልቀይርላት?» ብሎ ጠየቀኝ። «መጀመሪያ ፑንቲናውን እየው» አልኩት። ፑንቲና ማለት ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ሆኖ በተከፈተ ቁጥር ለሻማው እሳት የሚያስነሳው ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በደርግ ዘመን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ጋራዥ ስሠራ አንድ መምህር ይህንኑ እያለ 1300 ቮልሱን አመጣልኝ። ኮምቦልቻ እያስተማረ ማታ ማታ ያንኑ ዳገት ወደ ደሴ ይወጣ ነበር። ያኔ ስሜ ወጥቶ ነበርና ሰምቼ ሳልጨርስ «ሞተሩ አርጅቷል» አልኩት። የቮልስ ሞተር የታሰረው በአራት ብሎን ነው፤ ማውረዱ መቅለሉ ራሱ አሳሳተኝ። ፈታሁት፤ ሲሊንደሩም ፒስተኑም ደህና ነበሩ። አፌን ሞልቼ ስለተናገርኩ የፒስተን ቀለበቶቹን ቀይሬ ገጠምኩት። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን የከፈትኩት ላስነሳው ስል ነው። የፑንቲናው እግር ተበልቶ፣ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን የሚገባው ክፍተት ከወረቀት ውፍረት እምብዛም አይበልጥም። ክፍተቱ ሲጠብ ፑንቲናው ዘግይቶ ይከፈታል፣ እሳቱም ይዘገያል፤ ቤንዚኑ ነድዶ ሳያልቅ ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል። ሙቀቱ ከዚያ ነበር።

አስተካከልኩት። መኪናዋ ዳገቱን ሳትንገዳገድ ወጣች። መምህሩ «እጅህ ይባረክ» ብሎ የሁለት ወር ደመወዙን ቆጠረልኝ። ተቀበልኩ።

የእናንተ ዘመን ልጆች ኮምፒውተር ካልተሰካ በሽታው የሌለ ይመስላችኋል፤ ዕቃ መቀየር ደግሞ ትወዳላችሁ። እኔም ከእናንተ አልተሻልኩም ነበር። ታይሚንግ፣ ማለትም እሳቱ የሚነሳበትን ጊዜ፣ ከመንካታችሁ በፊት የፑንቲናውን ክፍተት ያዙ፤ ክፍተቱ ሲለወጥ ታይሚንጉም ይለወጣልና። ያሠለጠኑኝ ሽማግሌ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የክፍተት መለኪያ ብረት ሲጠፋባቸው የክብሪት ቀፎ ቀደው ያስገቡ ነበር፤ የሚገርመው ብዙም አይሳሳቱም። ከዚያ የ1ኛውን ሲሊንደር የመጭመቂያ ምት ፈልጉና የፑሊውን ምልክት፣ ፒስተኑ ላይኛው ነጥብ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ ቀድሞ አቁሙት። የመሞከሪያ አምፖል አንዱን ጫፍ ከኮይሉ (እሳቱን ከሚያመነጨው) ወደ ፑንቲናው ከሚሄደው ሽቦ፣ ሌላውን ከሞተሩ አካል ጋር አገናኙ፣ ቁልፉን ክፈቱ፤ ዲስትሪቢዩተሩን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ አምፖሉ ልክ ሲበራ እሰሩት። በጆሮ ታይሚንግ እይዛለሁ የሚላችሁን አትመኑ። እኔ ዛሬም የምጨርሰው በጆሮዬ ነው።

መምህሩን ከዓመታት በኋላ ሰኞ ገበያ አገኘሁት። ከጓደኛው ጋር ነበር። «ሞተሬን ያዳነልኝ እሱ ነው» ብሎ ትከሻዬን ያዘ። ያን ጊዜም አልነገርኩትም።