ብስክሌት ይዛችሁ ዝሆን አገር ለምትገቡ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

አንዳንዶቻችሁ አራዊት ባለበት የአፍሪካ ምድር ለጥቂት ቀናት በመሪ ታጅባችሁ ብስክሌት ለመንዳት እንዳሰባችሁ አውቃለሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ሥራውን ራሱን ሙያ አድርጋችሁ ልትይዙት ትፈልጋላችሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚህ ሥራ ነው፤ መጀመሪያ ሰው እየመራሁ፣ በኋላም መሪዎችን እያሠለጠንኩ። ጉልበት ስላላችሁ ስለ ጉልበት አልመክራችሁም። የምመክራችሁ ስለ መቆም ነው። በዱር ብስክሌት ለሚነዳ ሰው ትልቁ ችሎታ በጊዜ መቆም ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ምክንያቱን ላስረዳችሁ። የመኪና ሞተር እንስሳውን ከሩቅ ያነቃዋል፤ ድምፁን የለመደ ዝሆን ቀና ብሎ አይቶ ወደ መብሉ ይመለሳል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ቀርፋፋ ስለሆነ ዙሪያውን ለማየትና ለመስማት ጊዜ አለው። ብስክሌት ግን ፈጣንም ነው፣ ዝምተኛም ነው። በደረቅ አፈር ላይ የሚንከባለል ጎማ ድምፁ ከቅጠል ኮሽታ አይበልጥም። ነጂው ጥምዙን ታጥፎ ሲወጣ ግልገሏን ይዛ የቆመች ዝሆን አፍንጫው ሥር ትገጥመዋለች። እሱም እሷም እኩል ይደነግጣሉ፤ የደነገጠች እናት ደግሞ ለማሰብ ጊዜ አትወስድም። መሪዎች የሚያወጧቸው ሕጎች በሙሉ ከዚህ አንድ ነገር የመነጩ ናቸው። ይህ ከገባችሁ ሕጉን እንደ ቁጣ አትቆጥሩትም።

እኔ በደንብ የማውቀው ቱሊ የሚባለውን አካባቢ ነው። የቦትስዋና ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ፣ ሊምፖፖና ሻሼ ወንዞች ተገናኝተው ቦትስዋናን፣ ዚምባብዌንና ደቡብ አፍሪካን የሚያዋስኑበት ቦታ ነው። ማሻቱ የተባለው የግል ጥብቅ ክልል የሚገኘው እዚያ ሲሆን በብስክሌት ጉዞ ከታወቁት ቦታዎች አንዱ ነው። ቦትስዋና ውስጥ 130,000 ያህል ዝሆን ይኖራል፤ በዓለም ላይ ይህን የሚያህል ዝሆን ያለው ሌላ አገር የለም። አብዛኛው የሚኖረው በሰሜን ቢሆንም ቱሊም የራሱ መንጋዎች አሉት። ብስክሌት የምትነዱትም እነሱ በሠሩት መንገድ ላይ ነው።

የዝሆን መንገድ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ከሁሉ በፊት እሱን ለማየት ጓጉ። ትውልድ ከትውልድ እየተከታተለ የረገጠው፣ ድንጋዩ ወደ ዳር የተገፋ፣ አፈሩ በሰፊው ለስላሳ ኮቴ የተደለደለ ጠባብ መንገድ ነው። ወደ ውኃ ያደርሳል፤ አቀበቱንም ቀለል ባለው በኩል ይወጣዋል። አንድ መሐንዲስ መሣሪያ ተክሎ ከሚያወጣው መስመር ብዙም አይርቅም። ይህን መንገድ ስትነዱ ባለቤቱ በማንኛውም ሰዓት ሊመጣ እንደሚችል አትርሱ፤ ሲመጣም ቀድሞ የማለፍ መብት የእሱ ነው።

እግረ መንገዳችሁን ዱካ ማንበብ ተማሩ። የዝሆን የፊት እግር ክብ፣ የኋላው ሞላላ ነው። የተረከዙ ስንጥቅጥቅ መስመር በደቃቅ አቧራ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ መስመሩ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከዝሆን ዝሆን ይለያያል። የፊት እግሩን ዱካ ዙሪያ በገመድ ለክታችሁ በ2 ብታባዙት የእንስሳውን የትከሻ ቁመት በግምት ታገኛላችሁ። ዱካው ላይ ሌሊት የሄዱ ጥንዚዛዎች መስመር ካለ እንስሳው ካለፈ ቆይቷል። ጠርዙ ስል ሆኖ ምንም ነገር ካልረገጠው ግን ወደ ፊት እያያችሁ ቀስ በሉ። ፋንድያውም ይናገራል። ዝሆን ከሚበላው ከግማሽ በላይ ሳይፈጨው ስለሚያወጣው እንጨቱና ቅርፊቱ በዓይን ይታያል፤ ውስጡ እርጥብና ሙቅ ከሆነ ባለቤቱ ከቁጥቋጦው ጀርባ ሊሆን ይችላል።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ማጃሌ በተባለው ደረቅ ወንዝ አጠገብ ጥቂት ሰዎች እየመራሁ ነበር። መጀመሪያ እንፋሎቱ ገና ያልበረደ ፋንድያ አየሁ፤ ወዲያው ሞፓኔ ከሚባሉት ዛፎች ውስጥ ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማሁ። እጄን ጨብጬ ወደ ላይ አነሳሁ። ከኋላዬ ፍሬን ተያዘ፣ እግሮች መሬት ነኩ፣ ማንም ቃል አልተነፈሰም። አመድ የሞላባትን ትንሿን ከረጢት ከኪሴ አውጥቼ ነቀነቅኳት፤ አመዱ ወደ ራሴ ፊት ተመለሰ። ነፋሱ ከእነሱ ወደ እኛ ነበር ማለት ነው። ተጠጋግተን ቆምን፣ ብስክሌቶቹንም በእኛና በቁጥቋጦው መካከል አደረግን። እናቲቱ ስትወጣ ግልገሉ ከሆዷ ሥር ነበር። ከእናቱ ሆድ ሥር ማለፍ የሚችል ግልገል ገና ዓመት አልሞላውም፤ እንዲህ ያለች እናት ደግሞ ከማንም ይበልጥ ትፈራለች። ኩምቢዋን ወደ ላይ አንስታ ጫፉን ወዲያና ወዲህ እያዞረች አየሩን አሸተተች። ከመካከላችን አንድ ወጣት እጁን ቀስ ብሎ ወደ ስልኩ ሲሰድ ከኋላ የነበረው ባልደረባዬ ክንዱን ያዘው። መንጋው አንድ በአንድ ወደ አሸዋው ወረደ። ግልገሉ ቁልቁለቱ ላይ ሲንሸራተት ታላቅ እህቱ የምትመስል ሌላ ዝሆን በኩምቢዋ ከኋላው ደገፈችው። ያን ጊዜ ነፋሱ ማጅራቴ ላይ ተሰማኝ፤ ዞሯል። ሽታችን ሳይደርሳቸው በመጣንበት መንገድ፣ ብስክሌቱን እየገፋን፣ ዓይናችንን ከእነሱ ሳንነቅል ወደ ኋላ አፈገፈግን። ማንም አልሮጠም፤ ማንም ኮርቻ ላይ አልወጣም።

ከዚያ ቀን የምትወስዱት ትምህርት ብዙ ነው፤ ለእኔ ግን የሚበልጠው እነዚያ ሰዎች እጄን ባነሳሁበት ቅጽበት መቆማቸው ነው። አንዱ እንኳ «ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ድምፁ ይሰማ ነበር። ማታ እሳት ዳር የፈለጋችሁትን ጠይቁ፣ ተከራከሩ፣ ለምን እንዲህ አደረግህ በሉ። ጥሩ መሪ በጥያቄ ደስ ይለዋል። እጁ ከፍ ሲል ግን መልሳችሁ ፍሬን ብቻ ይሁን።

ስለ ዝሆን ቁጣ ብዙ ነገር ታነባላችሁ። ጆሮዋን ዘርግታ፣ ራሷን ከፍ አድርጋ፣ እየጮኸች የምትመጣ ዝሆን ብዙ ጊዜ የምታስፈራራ ናት፤ ጆሮዋን ለጥፋ፣ ኩምቢዋን ጠቅልላ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ከመጣች ነገሩ የምር ነው ይባላል። እውነትነት አለው፤ ነገር ግን በዚህ ተማምናችሁ ራሳችሁ እንድትፈርዱ አልፈልግም። ከመሪዎችም መካከል ይህን በእርግጠኝነት የሚለዩት ብዙ ዘመን አብረዋቸው የኖሩት ናቸው። መስት የሚባለው፣ የመራቢያ ስሜቱ የሚያይልበት ወቅት የመጣበት ወንድ ዝሆን ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በዓይኑና በጆሮው መካከል ካለው እጢ የሚወርደው ፈሳሽ ጉንጩን ያርሰዋል፣ ሽንቱ እየተንጠባጠበ የኋላ እግሮቹን ያረጥባል፤ ሽታውም ከሩቅ ይታወቃል። እሱ ያለበትን አካባቢ ጨርሶ ዙሩት፤ የዚያን ቀን ጉዞ ቢያስረዝመውም ይርዘም።

አንበሳን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ያዙ፤ ጀርባ ሰጥታችሁ ፔዳል አትምቱ። ከፊቱ የሚሮጥ ነገር አንበሳን እንዲያባርር ይጋብዘዋል። እሱ በአጭር ርቀት በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፤ እናንተ አሸዋ ውስጥ የዚያን ግማሽ አታገኙም። ወርዳችሁ፣ ተጠጋግታችሁ፣ ፊት ለፊት እያያችሁት ቁሙ፤ ቀሪውን መሪው ያደርገዋል።

ለዚህ ነው መሪ ስትመርጡ ጊዜ ወስዳችሁ እንድትመርጡ የምለምናችሁ። ብስክሌት ጥሩ አድርጎ የሚነዳ ሁሉ መሪ አይሆንም። በደቡባዊ አፍሪካ ሰውን ከመኪና አውርዶ አራዊት መካከል የሚወስድ መሪ የራሱ ሥልጠናና ፈተና አለው፤ በዱር የመራባቸው ሰዓታትና ከአደገኛ እንስሳት ጋር የተገናኘባቸው ጊዜያት በመዝገብ ይያዛሉ፣ የጠመንጃ አያያዙም ይፈተናል። ምስክር ወረቀቱን ለማየት መጠየቅ ነውር አይደለም። ከኋላ የሚዘጋ ሁለተኛ መሪ መኖሩን ጠይቁ። ሰው ቢጎዳ በምን እንደሚያወጡት፣ በምን እንደሚገናኙ ጠይቁ። «አንበሳ አሳያችኋለሁ» ብሎ ቃል የሚገባላችሁን ሰው ተዉት፤ ያንን ቃል ለመጠበቅ ሲል መጠጋት የሌለበትን ይጠጋል። ቡድኑም ከ8 ሰው ባይበልጥ እመርጣለሁ። ሰልፉ ሲረዝም መጨረሻ ላይ ያለው ሰው የመሪውን እጅ አያይም።

ስለ ብስክሌቱ ብዙ አልልም። ውድ መሆን የለበትም፤ ፍሬኑ የሚይዝ፣ ማርሹ የማይዘል፣ ጎማው ሰፊ ይሁን። እሾሁ ግን የዋዛ አይደለም፤ ግራሩና ኩርንችቱ ተራውን ካላማዳሪ በአንድ ጠዋት ወንፊት ያደርጉታል። ካላማዳሪ የሌለው፣ ቀዳዳን የሚደፍን ፈሳሽ የተሞላበት ጎማ ይሁንላችሁ። ጣት የሚሸፍን ጓንትና መነጽር ያዙ፤ ቅርንጫፉ ዓይን አይመርጥም። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ በአስፋልት ላይ ረጅም ርቀት ከመንዳት ይልቅ አሸዋ ውስጥ ተለማመዱ። ቀላል ማርሽ ይዞ፣ ክብደትን ወደ ኋላ አድርጎ፣ የብስክሌቱን መሪ ሳያንቁ መንዳትን የለመደ ሰው ብዙ ጉልበት ይቆጥባል፤ ጉልበት የቀረው ሰው ደግሞ ዙሪያውን ያያል።

ወቅቱ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ደረቅ ጊዜ ቢሆን ይሻላል። ያኔ ቅጠሉ ሳስቶ ርቆ ያሳያል፣ እንስሳውም ወደ ቀረው ውኃ ይሰበሰባል። ጎህ ሲቀድ ብርዱ ጣት ያደርቃል፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ የሞፓኔ ዛፍ ቅጠሉን እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ስለሚያጥፍ ከሥሩ ጥላ አታገኙም። ስለዚህ ማለዳ ተነድቶ ሙቀቱ ሳይከር ካምፕ ይገባል። በቀን 30 ወይም 40 ኪሎ ሜትር ለአስፋልት ነጂ ትንሽ ይመስላል፤ እዚያ ግን ቀኑን ሞልቶ ይተርፋል። ከ3 ሊትር ያላነሰ ውኃ ተሸከሙ። ስለ ወባ መድኃኒት ደግሞ ቀደም ብላችሁ ሐኪም አማክሩ። ማታ ድንኳናችሁን እስከ ታች ዝጉ፤ መውጣት ግድ ከሆነባችሁ መጀመሪያ በግንባር ባትሪ ዙሪያውን አብሩ፣ የሚያበራ ዓይን ካያችሁ ተመልሳችሁ መሪውን ቀስቅሱት። ተቀሰቀስኩ ብሎ የሚቆጣ መሪ አይቼ አላውቅም።

ብዙ ቀን ለመሄድ አቅም ወይም ድፍረት ያልሞላላችሁ ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ አጠገብ ካለው ሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ጀምሩ። እዚያ በብስክሌት መግባት የተፈቀደ ነው፤ ከሜዳ አህያ፣ ከቀጭኔና ከከርከሮ መካከል በአንድ ቀን ነድታችሁ ትወጣላችሁ። ጎሽ ስላለ ግን እዚያም አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ ንዱ።

ቱሊ ከደረሳችሁ በኋላ አንድ ቀን ትርፍ ብትይዙ ከወንዙ ማዶ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ማፑንጉብዌ አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይዞ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ይነግድ የነበረ መንግሥት መቀመጫ ነው። ኮረብታው ላይ ካሉት መቃብሮች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የወጣው፣ በወርቅ ቅጠል የተሠራው ትንሽ አውራሪስ ዛሬም አለ፤ ቦታው በ2003 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ብስክሌት የምትነዱበት ምድር ሰው ያልረገጠው እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው ይህን የማነሳው። ዛሬም በክልሉ ዳርቻ የሚኖሩ ገበሬዎች አሉ፤ እናንተ ከፍላችሁ የምታዩት ዝሆን ሌሊት ማሳቸውን ይገባባቸዋል። የምትከፍሉት ገንዘብ ለእነሱ ምን ያህል እንደሚደርስ ጠይቁ። ከመንደራቸው የተቀጠረ መሪ ያለውን ድርጅት ብትመርጡ ደስ ይለኛል፤ አገሩን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው በጉዞውም ትጠቀማላችሁ።

ሙያውን ልትይዙት ለምትፈልጉት ደግሞ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታን ከጠመንጃ በፊት ተማሩ፤ ከአንበሳ ይልቅ ከብስክሌት የሚወድቅ ሰው ይበዛባችኋል። የአካባቢውን ሰዎች ቋንቋ ልመዱ፤ ዱካ ላይ ከእረኛ የተሻለ አስተማሪ አታገኙም። ወፎችን በድምፃቸው ለዩ፣ ዝንጀሮ ምን ሲያይ እንደሚጮህ አጥኑ። ቀድማችሁ ከፊት ለመምራትም አትጣደፉ። ጥቂት ዓመት ከኋላ ንዱ። ከኋላ ሆናችሁ ማን ሲፈራ ዝም እንደሚል፣ ማን ሲፈራ እንደሚያወራ፣ ማን ደክሞት «ደህና ነኝ» እንደሚል ታያላችሁ። ከፊት ያለው መሪ ዓይኑ ቁጥቋጦው ላይ ስለሆነ እነዚህን አያያቸውም፤ የሚነግሩት እናንተ ናችሁ።