የቱ ጎርፍ? ለጀማሪ የውሃ ባለሙያ ልጆቼ

ሰላም ልጆች። እድሜዬን ወንዝና ዝናብ ስለካ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ ብል ክረምት ሲገባ ከናንተ አንዱ መደወሉ አይቀርም፣ "ጋሼ እንዲህ ያለ ጎርፍ እኮ በታሪክ ታይቶ አይታወቅም" ይለኛል። እኔ ደሞ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ የቱ ጎርፍ? ወንዝ ሞልቶ የወጣው ነው ወይስ እዛው ከሰማይ የወረደው?

ካርቱምን ውሰዱ፣ አባያችን የሚያልፍበት ከተማ ነው። እዛ በ1946 (እ.ኤ.አ ነው የማወራው) የመጣው የወንዝ ጎርፍ ነው፣ እኛ ደጋ ላይ የዘነበው ተጠራቅሞ፣ ደለሉን ይዞ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ እያለ የደረሰ። 1988 ግን ሌላ ነው። ኦገስት መጀመሪያ ላይ በአንድ ቀን ውስጥ 200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዘነበ፣ ያውም ዓመቱን ሙሉ 150 አካባቢ በሚያገኝ ከተማ ላይ! የጭቃውን ቤት መጀመሪያ ያፈረሰው ወንዙ ሳይሆን ዝናቡ ነው፣ ከዛ ጥቁር አባይም ሞልቶ መጣና ሁለቱ በሰው ትዝታ ውስጥ አንድ ጎርፍ ሆነው ቀሩ። በ2020 ደግሞ ወንዙ ከሁለቱም በላይ ከፍ አለ ተባለ፣ ከ17.5 ሜትር አልፏል፣ እውነት ነው። ግን ልብ በሉ፣ ሜትሩ የሚናገረው ከፍታውን ነው እንጂ የውሃውን መጠን አይደለም፣ የወንዙ ወለል በደለል ከሞላ፣ ዳርና ዳሩ በግንባታ ከጠበበ፣ ያው የድሮው ውሃ ራሱ ከፍ ብሎ ይታያል።

ወደኛ ስንመጣ 1998 ዓ.ም. ክረምት ላይ ሁለቱንም ዓይነት አይተናል። ድሬዳዋን የመታው ሐምሌ ማለቂያ ላይ በሌሊት ነው፣ ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል ይነግድበታል፣ ዝናቡ የጣለው ከተማው ላይ ሳይሆን ከላይ ተራራው ላይ ነበር፣ እና ከ250 ሰው በላይ አለቀ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደሞ ኦሞ ወንዝ ታች ደቡብ ጫፍ ላይ፣ ዳሰነች ወረዳ ጋ ሞላ፣ እዛም ከ300 በላይ ሰው ሞተ። የኦሞ ውሃ ግን እስከዛ ለመድረስ ቀናት ይፈጅበታል፣ ማለት ማስጠንቀቂያ ለመላክ ጊዜ ነበረ። ይሄ እስከዛሬ ያናድደኛል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ዳታው። ላፕቶፕ ላይ ቁጥር ሲደረደር ያምራል፣ ግን እንዴት እንደተሰበሰበ እዩ። ወንዝ ዳር የተተከለችውን የውሃ ከፍታ መለኪያ ሜትር (ጌጅ የምንላትን) አንባቢው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ነው የሚያያት፣ ሌሊት 8 ሰዓት መጥቶ 10 ሰዓት ላይ ያለፈ ጎርፍ መዝገቡ ላይ የለም። ዝናብ መለኪያው ደሞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው የሚነበበው፣ 50 ሚሊ ሜትር ካለ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ይዋል ወይስ በ40 ደቂቃ ይውረድ አይነግራችሁም፣ ለከተማ ጎርፍ ግን ወሳኙ እሱ ነው። ስለዚህ "ድሮ እንዲህ ያለ ከባድ ዝናብ አልነበረም" ከማለታችሁ በፊት ድሮ የሚይዘው መሳሪያ ነበረ ወይ በሉ።

አየሩ ሲሞቅ ብዙ እርጥበት ይይዛል፣ በ1 ዲግሪ 7 ፐርሰንት ገደማ፣ እና ኃይለኛ ዝናብ መጨመሩን አልክድም። ግን ቱቦው በፌስታል ተደፍኖ፣ ወንዝ ዳር ቤት ተሠርቶበት፣ ሁሉንም ለአየር ንብረት ለውጥ የሚሰጥ አለቃ ካጋጠማችሁ ሪፖርቱ ላይ ዝም ብላችሁ እንዳትፈርሙ።

ፊልድ ውጡ። ግራር ላይ የተንጠለጠለ ገለባና ጨርቅ፣ ግድግዳ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር ፈልጋችሁ ለኩ። እናቶችን "ውሃው የት ደረሰ" በሏቸው፣ የትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ ያሳዩአችኋል፣ ዓመቱ ከጠፋቸው "ደርግ ሳይገባ ነው ከገባ በኋላ?" ብላችሁ ጠይቁ። ስትመዘግቡ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ ጻፉ፣ አለበለዚያ የድሬዳዋው ጎርፍ አንዴ በ1998 አንዴ በ2006 ሁለት ጎርፍ ሆኖ ይቆጠራል። ጌጅ አንባቢውንም አትርሱት፣ ደውሉለት፣ ካርድም ሙሉለት፣ በዛች ደሞዝ ጭቃ ውስጥ የሚቆመው እሱ ነው።