መልስ፦ ባህር ዳርቻ ነው ብለው ያከራዩን ቤት ባህር የለውም፣ ተሸወድን?

አልተሸወዳችሁም እህቴ። ያላችሁበት የፓጄ መንደር በዛንዚባር ደሴት ምስራቅ ዳርቻ ስለሆነ ውሃው በቀን ሁለቴ ርቆ ይሸሻል፣ ከደሴ ድረስ ለፍታችሁ ስትደርሱ አሸዋና አረም ብቻ ያያችሁት ለዛ ነው።

ከሸሸ በኋላ ሞልቶ ለመመለስ 6 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፣ ነገ ደግሞ ወደ 50 ደቂቃ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ የቤቱን ጠባቂ ሰዓቱን ጠይቂውና ፍሪጁ ላይ ለጥፊው። እስከዛ ሻንጣ ፍቱ፣ አጎበሩ ቀዳዳ እንዳለው እዩ።

ብቻ ልጆቹ ውሃው ሸሸ ብለው ባዶ እግራቸውን እንዳይሮጡ! የኔ ትንሹ ከሰኞ ገበያ የገዛንለትን ኮንጎ ጫማ አውልቆ ጥሎ ሮጠና ድንጋይ ስር ያለ ጃርት የመሰለ ጥቁር ነገር ረገጠ፣ እሾሁ ተረከዙ ውስጥ እየተሰበረ ማታውን ሙሉ በወረንጦ ስንለቅም አደርን። ኮንጎ ይዛችኋል አይደል?