«ሥላሴ» በየትኛው ሰ ይጻፋል?

ጥያቄ፦ የጥር 7 የሥላሴ ማኅበራችንን የጠበል ጠዲቅ ጥሪ በስልክ ጽፈን ልናሳትም ስንል ክርክር ተነሣ። ወጣቶቹ «ስላሴ» ብለው ጻፉና «ድምፁ አንድ ከሆነ ምን ለየው?» አሉ። ሽማግሎቹ «የእምነት ጉዳይ ነው፣ ኃጢአት ነው» ይላሉ። ማን ልክ ነው?
የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ከጎንደር

መልስ፦ በአጻጻፉ ሽማግሎቹ ልክ ናቸው። ኃጢአት መሆን አለመሆኑን ግን ለንስሐ አባት እንተወው።

እዚህ ላይ ጆሮ አይረዳም። በጥንቱ ግእዝ የሠ እና የሰ ድምፆች ይለያዩ ነበር፤ በአማርኛ ስለተዋሐዱ የቀረን መለያ የቃሉ ዘር ነው። «ሥላሴ» የመጣው «ሠለሰ»፣ ሦስት አደረገ፣ ከሚለው ግስ ነው። ሦስት፣ ሠላሳ፣ የማክሰኞ የግእዝ ስም «ሠሉስ» ሁሉ የዚያው ቤት ልጆች ናቸውና በንጉሡ ሠ ይጻፋሉ። «ስላሴ» ቢሉም አንባቢ ይረዳዎታል፤ ቃሉ ግን ከዘመዶቹ ይለያያል።

ትርጉም የሚገለብጥም አለ። በጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች የሣለው «ሠዓሊ» ነው። በቅዳሴ የምንሰማው «ሰአሊ ለነ» ግን «ለምኝልን» ማለት ነው። ይህኛውን በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ከጻፉት እመቤታችንን «ሣዪልን» አሏት! ለወጣቶቹ ይህችን አንዲት ምሳሌ ያሳዩአቸው።

ጥሪው ላይ ከሚመጡት ውስጥ ማኅበር በብዙኀኑ ኀ፣ ምሕረት በሐመሩ ሐ፣ ሃይማኖት በሀሌታው ሀ፣ ጸሎት በጸሎቱ ጸ፣ በዓል በዐይኑ ዐ ነው። ለጓደኛው «ራት ብላ» ብሎ መልእክት የሚልክን ልጅ ግን ፊደል እየቆጠሩ መቆጣት ትርፉ መጣላት ነው።

እንዲያውም ወረቀቱን ይበልጥ የሚያበላሸው ሌላ ነው። አራት ነጥብ «።» ራሱን የቻለ ምልክት ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለቴ ነክቶ «፡፡» ያደርገዋል፤ ፊደሉ ሲተልቅ ክፍተቱ ይጋለጣል። ዓመቱን በግእዝ ቁጥር ከፈለጉ 2018 ፳፻፲፰ ነው፤ ፳ ሃያ፣ ፻ መቶ፣ ሃያ ጊዜ መቶ ሁለት ሺህ ነውና። ፪፻፲፰ ካሉ ወደ 218 ዓ.ም. ተመለሱ። ወደ ማተሚያ ቤት በፒዲኤፍ ይላኩ፤ የተጠቀሙበት የፊደል ቅርጽ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ጽሑፉ ሊዘበራረቅ ይችላል። መጀመሪያ አንድ ቅጂ ብቻ አሳትመው ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ያንብበው።

ጥያቄ፦ «ጎንደር» ወይስ «ጐንደር»?

መልስ፦ በድሮ ጽሑፎች ጐ፣ ዛሬ ጎ ይበዛል። ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ በአንድ ወረቀት ላይ ብቻ አያቀላቅሏቸው። የቤተ ክርስቲያኑን የዝማሬ ትምህርት «አቋቋም»ን ግን «አቁዋቁዋም» ብሎ መጻፍ በአቋቋም በታወቀ ከተማ ያሳፍራል።